ቁጥሩን ከማመን በፊት ነጥቦቹን ማየት

ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረ መንገደኛ ድሬዳዋ ሲገባ ጋቢውን አጣጥፎ በክንዱ ይዞ ነው የሚወርደው። ምክንያቱን የሚነግረው አያሻውም። ደጋ ይበርዳል፣ ቆላ ይሞቃል። አባቶቻችን ሀገሩን ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ ብለው ሲከፍሉ ሁለት ነገሮችን አጣምረው እያዩ ነበር፦ መሬቱ ምን ያህል ከፍ እንደሚልና አየሩ ምን ያህል እንደሚሞቅ። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። እንዲህ ሁለት ነገሮች ተያይዘው ሲለዋወጡ የስታቲስቲክስ ሰዎች ተዛምዶ አላቸው ይላሉ። የሚለዋወጡትን ነገሮች ደግሞ ተለዋዋጮች ይሏቸዋል። ከፍታ አንድ ተለዋዋጭ ነው፣ ሙቀትም ሌላ።

ተዛምዶ የሚለው ቃል ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቷል። ቡና መጠጣትና የልብ ጤና፣ የትምህርት ደረጃና ገቢ፣ ስልክ ላይ የሚጠፋ ሰዓትና የእንቅልፍ ማጣት ተያይዘው በየዜናው ይነሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረን ግን የመጨረሻው ፍርድ ብቻ ነው፤ «ግንኙነት ተገኝቷል» ይባልና ያልፋል። ከፍርዱ ጀርባ ያለው ሥዕል ግን ማንም ሰው በአንድ ወረቀትና በአንድ እስክሪብቶ ሊሠራው የሚችል ነው። ስሙ ስካተር ፕሎት ነው፤ በአማርኛ የነጥቦች ስርጭት ሥዕል ልንለው እንችላለን። ሥዕሉን ማንበብ የቻለ ሰው ፍርዱን ራሱ መመርመር ይችላል።

እንሥራው። ወረቀቱ ግርጌ ላይ አንድ አግድም መስመር፣ በግራ በኩል ደግሞ አንድ ቁም መስመር እናስምር። በአግድሙ ላይ ከፍታን በሜትር፣ በቁሙ ላይ የዓመቱን አማካይ ሙቀት በዲግሪ ሴልሺየስ እንጻፍ። ከዚያ ስድስት ከተሞች እንምረጥ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ፦ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትርና 13 ዲግሪ፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትርና 16 ዲግሪ፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትርና 19 ዲግሪ፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትርና 20 ዲግሪ፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትርና 25 ዲግሪ፣ ጋምቤላ 500 ሜትርና 28 ዲግሪ።

እያንዳንዱ ከተማ አንድ ነጥብ ይሆናል። ጣታችንን በአግድሙ መስመር ላይ እስከ 2,400 እንገፋለን፣ ከዚያ ቀጥ ብለን እስከ 16 እንወጣለን፣ እዚያው ላይ በእስክሪብቶ ጠብ እናደርጋለን። አዲስ አበባ እዚያ ናት። ስድስቱም ሲያልቁ ከላይ በግራ ጋምቤላ፣ ከታች በቀኝ ደብረ ብርሃን ይቀመጣሉ፤ የቀሩት በመካከል ተሰልፈው እንደ ቁልቁለት መንገድ ይወርዳሉ። ነጥቦቹን በመስመር አናገናኛቸውም። ከጋምቤላ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ታሪክ የለምና፣ እያንዳንዱ ነጥብ ለራሱ የቆመ ምስክር ነው። የገበያ ዋጋ ከወር ወደ ወር እንዴት እንደተጓዘ በሚያሳየው ግራፍና በዚህ ሥዕል መካከል ያለው ዋና ልዩነት ይህ ነው።

የትኛው በአግድም፣ የትኛው በቁም ይቀመጥ? ሌላውን ይለውጣል ብለን የጠረጠርነውን በአግድሙ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ከፍታ ሙቀትን ይለውጣል እንጂ ሙቀት ተራራውን ዝቅ አያደርገውም። ይህ አቀማመጥ ግን የእኛ ግምት ነው፤ ሥዕሉ ራሱ የትኛው አድራጊ፣ የትኛው ተደራጊ እንደሆነ አይናገርም። ኋላ እንመለስበታለን።

ሥዕሉ ፊታችን ሲሆን መጀመሪያ የምናየው የነጥቦቹን አቅጣጫ ነው። ወደ ቀኝ ስንሄድ ነጥቦቹ ከወጡ ሁለቱ አብረው ይጨምራሉ ማለት ነው፤ ይህ አዎንታዊ ተዛምዶ ይባላል። እንደ ከተሞቻችን ከወረዱ አሉታዊ ነው። እዚህ ላይ «አሉታዊ» ሲባል መጥፎ ማለት አይደለም፣ አቅጣጫውን ብቻ ነው የሚናገረው። ቀጥሎ መጠጋጋታቸውን እናያለን፤ አንድ መስመር ላይ እንደተሰካ ዶቃ ተከታትለው ነው ወይስ እንደ ተበተነ እህል ተዘርተው? ሦስተኛው ቅርጽ ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም እሱን ነው። የወጥን ጨው እናስብ። ጨው የሌለው ወጥ አይጥምም፤ ሲጨመርበት ይጣፍጣል፤ ሲበዛ ደግሞ አይበላም። ጨውንና ጣዕምን በነጥብ ብንሥላቸው ወጥቶ የሚወርድ ኮረብታ እናገኛለን። ግንኙነቱ ማንም የማይክደው ነው፤ ቀጥተኛ ግን አይደለም። ቀጥሎ የምናየው ቁጥር እንዲህ ያለውን ኮረብታ አያውቀውም፤ ሽቅቡና ቁልቁለቱ እኩል ከሆኑ ዜሮ ብሎ ያልፈዋል።

ያ ቁጥር የተዛምዶ መለኪያ ይባላል፣ በመጻሕፍት «አር» በሚል ፊደል ይወከላል። ከ−1 ተነስቶ እስከ +1 ይደርሳል። 1 ማለት ነጥቦቹ ሁሉ በአንድ ሽቅብ መስመር ላይ ናቸው ማለት ነው፤ −1 በአንድ ቁልቁል መስመር ላይ፤ 0 ደግሞ ቀጥተኛ መስመር የሚመስል ዝንባሌ የለም ማለት ነው። ሲነገር ከሰማይ የወረደ ይመስላል እንጂ ከመደመርና ከማባዛት የራቀ አይደለም። በከተሞቻችን ላይ እንየው።

የስድስቱ ከተሞች አማካይ ከፍታ 1,733 ሜትር ገደማ፣ አማካይ ሙቀታቸው 20.2 ዲግሪ ገደማ ነው። በሥዕላችን ላይ በእነዚህ ሁለት አማካዮች የሚያልፍ መስቀል ብናሰምር ወረቀቱ አራት ክፍል ይሆናል። ደብረ ብርሃን ከአማካዩ በ1,067 ሜትር ከፍ፣ በ7.2 ዲግሪ ደግሞ ዝቅ ትላለች። አንዱ በላይ፣ አንዱ በታች ስለሆነ ሁለቱን ስናባዛ ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው፦ 7,600 አካባቢ። ጋምቤላ በተቃራኒው ከፍታዋ ዝቅ፣ ሙቀቷ ከፍ ያለ ነው፤ የሷም ብዜት ኔጌቲቭ ነው፣ ወደ 9,700 ይጠጋል። ሐዋሳ ግን ትለያለች። ከፍታዋ ከአማካዩ በ33 ሜትር ብቻ ዝቅ ይላል፣ ሙቀቷም በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ሁለቱም በአንድ በኩል ስለሆኑ ብዜቷ ፖዘቲቭ ነው። የሌሎቹን ድምፅ ትቃወማለች ማለት ነው፤ ድምጿ ግን 6 እንኳ አይሞላም። አማካዩ አጠገብ ያለ ነጥብ ብዙ አይጎትትም፣ ከአማካዩ ርቆ የቆመ ነጥብ ግን ብቻውን ሙሉ ውጤቱን ሊስበው ይችላል። ይህን ልብ ማለት ይጠቅማል።

ስድስቱ ብዜቶች ሲደመሩ −22,700 አካባቢ ይሆናሉ። ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግረንም፣ ከፍታን በሜትር ፋንታ በጫማ ብንለካው ይቀየራልና። ስለዚህ ከፍታዎቹ በጠቅላላ ምን ያህል እንደተራራቁ፣ ሙቀቶቹም ምን ያህል እንደተራራቁ አስልተን ለዚያ እናካፍለዋለን። መለኪያዎቹ ተሰርዘው ንጹሕ ቁጥር ይቀራል፦ −0.99። በሜትር ለካን በጫማ፣ በሴልሺየስ ለካን በፋራናይት፣ መልሱ ያው ነው።

ብዙ ሰው ግን −0.99 ሲሰማ ሙቀቱ በጣም ይወርዳል ማለት ነው ብሎ ይረዳዋል። ትርጉሙ እንዲያ አይደለም። ይህ ቁጥር ነጥቦቹ ለመስመሩ ምን ያህል ታማኝ እንደሆኑ ይናገራል፤ መስመሩ ምን ያህል ቁልቁለት እንደሆነ አይናገርም። ቁልቁለቱ ለብቻው ይሰላል፣ በእኛ ስድስት ከተሞች ለየ1,000 ሜትሩ 6.7 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። የሜትሮሎጂ ሰዎች ለዓለም በአማካይ የሚጠቀሙበት 6.5 ዲግሪ ነው። ከስድስት ከተማ፣ ያውም በተጠጋጋ ቁጥር፣ እንዲህ ተቀራርቦ መገኘቱ ተፈጥሮ እዚህ ላይ ምን ያህል ግልጽ እንደሆነች ያሳያል።

በሰው ጉዳይ ላይ እንዲህ ያለ ግልጽነት አይጠበቅም። የተዛምዶ ሐሳብ መልክ የያዘው ራሱ በሰው ቁመት ላይ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው ጥናት የ205 ወላጆች ጥንዶችንና ለአካለ መጠን የደረሱ 928 ልጆቻቸውን ቁመት አነጻጽሯል። የሴቶቹን ቁመት ከወንዶቹ ጋር ለማስተካከል በ1.08 አባዝቶታል። ረጃጅም ወላጆች ረጃጅም ልጆች አሏቸው፣ ልጆቹ ግን በአማካይ እንደ ወላጆቻቸው ያህል ከመካከለኛው አልራቁም። «ተዛምዶ» የሚለውን ሐሳብ በመለኪያ ያስቀመጠው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ዛሬ የምንጠቀምበትን ቀመር ደግሞ ካርል ፒርሰን በ1896 አቀረበው። ፒርሰን ከአሊስ ሊ ጋር በ1903 ባሳተመው ጥናት የ1,078 አባቶችና ወንዶች ልጆች ቁመት ተዛምዶ 0.5 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ነጥቦቹ ሲሣሉ ሰፊ ደመና ናቸው፣ ወደ ቀኝ ሽቅብ ያዘነበለ ደመና። ከአባቱ የሚያጥር ልጅ ሞልቷል፤ ዝንባሌው ግን የማይካድ ነው። 0.5 ለአየር ንብረት ደካማ ሊባል ይችላል፤ ለሰው ግን ብርቱ ነው።

ስለ ጋልተን ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ይህን መሣሪያ የሠራው የሰውን ዘር በምርጫ «ማሻሻል» ይገባል በሚል እምነት ነበር፤ ዩጀኒክስ የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው። ያ እምነት ኋላ በብዙ ሰዎች ላይ ከባድ ግፍ አስከትሏል። መለኪያው ትክክል ነው፣ የተመኘለት ዓላማ ግን ክፉ ነበር። ቁጥር የያዘ ሰው ሁሉ የሚለው እውነት ነው ብሎ መቀበል ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ ምስክር አላውቅም።

ቁጥሩን ብቻ ማመን ለምን እንደማይበቃ በጥሩ ሁኔታ ያሳየው ፍራንክ አንስኮም የተባለ የስታቲስቲክስ ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አራት ሠንጠረዦች አቀረበ። እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ አላቸው። የአግድሙ አማካይ በአራቱም 9 ነው፣ የቁሙ አማካይ በአራቱም 7.5፣ ተዛምዶውም በአራቱም 0.816። በቁጥር የሚያያቸው ሰው አራት መንትዮች ናቸው ይላል። ሲሣሉ ግን አንደኛው እንደ ተለመደው ሽቅብ ያዘነበለ ደመና ነው። ሁለተኛው ልክ እንደ ወጡ ጨው የተቆለመመ ኮረብታ ነው። በሦስተኛው ነጥቦቹ ፍጹም በቀጥታ መስመር ተሰልፈው አንዱ ብቻ ከሰልፉ አፈንግጧል። በአራተኛው ደግሞ አሥሩ ነጥቦች ቀጥ ብለው እንደ ምሰሶ አንዱ በሌላው ላይ ቆመዋል፤ ሙሉውን ተዛምዶ የፈጠረው ርቆ የቆመው አንድ ነጥብ ነው። እሱን በጣታችን ብንሸፍነው የሚቀር ተዛምዶ የለም። አራት የተለያዩ እውነቶች አንድ ቁጥር ለብሰው ነበር።

አንስኮም ያሳየን በሥዕሉ ላይ ያሉትን ነጥቦች ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከሥዕሉ የጎደሉት ናቸው። ወደ ከተሞቻችን እንመለስ። ባሕር ዳርንና ሐዋሳን የመሳሰሉ፣ ከ1,700 እስከ 1,800 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ የሚገኙ ከተሞችን ብቻ ሰብስበን ብንሥል ምን እናያለን? የሁሉም ሙቀት ተቀራራቢ ነው፤ ያለው ጥቂት ልዩነትም ከከፍታ ይልቅ ከሐይቅ፣ ከነፋስ፣ ከዝናብ ይመጣል። «ከፍታና ሙቀት አይገናኙም» ብለን እንደመድማለን። የዋሸ ቁጥር የለም፤ ጋምቤላና ደብረ ብርሃን ሳይጠሩ ቀርተው ነው።

እንዲህ ያለው ጉድለት ሰው ገድሏል። እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 1986 ማታ አሜሪካ ውስጥ መሐንዲሶችና ኃላፊዎች ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በማግስቱ ትወንጨፍ ወይስ ትቆይ በሚለው ላይ በስልክ ረጅም ስብሰባ አደረጉ። ያሳሰባቸው ቅዝቃዜ ነበር። መንኮራኩሯን የሚገፉት ሮኬቶች ከበርካታ ክፍል የተገጣጠሙ ነበሩ፤ በየመጋጠሚያው የጋለው ጋዝ እንዳይሾልክ የሚይዘው ጋራዥ ውስጥ ኦሪንግ የምንለው ዓይነት የጎማ ቀለበት ነው። ጎማ ሲቀዘቅዝ እንደሚደርቅ የሚያውቅ ሁሉ ስጋቱ ይገባዋል። ሮኬቱን ከሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች መካከል ሮጀር ቦይስጆሊን የመሳሰሉት አትወንጨፍ ብለው ተከራከሩ።

ክርክሩ ላይ የቀረበው ማስረጃ ግን ቀደም ባሉት በረራዎች ቀለበቱ ላይ ጉዳት የታየባቸውን ብቻ የያዘ ነበር። ሰባት ናቸው። ከነሱ ውስጥ እጅግ ቀዝቃዛው 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ የተደረገው ነው፤ በ24 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ደህና ሙቀት ባለበት ቀን የተደረገም በረራ ጉዳት ደርሶበታል። ሰባቱ ነጥቦች በሥዕል ላይ ሲቀመጡ ከግራ እስከ ቀኝ ተበትነዋል። ብርዱም ላይ ጉዳት አለ፣ ሙቀቱም ላይ አለ። ከዚህ ሥዕል ቅዝቃዜ ጥፋተኛ ነው ብሎ ማሳመን አስቸጋሪ ነበር።

የጎደሉት ምንም ጉዳት ያልታየባቸው በረራዎች ናቸው። «ምንም አልሆነም» የሚለው ውጤት የሚመዘገብ አይመስልም፣ ነገር ግን በሥዕሉ ላይ ዜሮ የሚል ሙሉ ነጥብ ነው። በኋላ አደጋውን የመረመረው፣ በዊልያም ሮጀርስ የተመራው ኮሚሽን ሁለቱንም ሥዕሎች በሪፖርቱ አስቀምጧል። በሁለተኛው ላይ ዜሮዎቹ ሁሉ ተጨምረዋል፣ ሁሉም የተሰለፉት በሞቃቱ በኩል ነው። ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ከተደረጉት አራት በረራዎች አራቱም ጉዳት ነበረባቸው። ከዚያ በላይ ከተደረጉት፣ ወደ 20 ከሚጠጉት በረራዎች ግን ጉዳት የታየባቸው ሦስት ብቻ ነበሩ። ለማግስቱ የተተነበየው ቅዝቃዜ ደግሞ ከሥዕሉ ግራ ጫፍ አልፎ ማንም ሞክሮት ወደማያውቅ ባዶ ቦታ የሚወስድ ነበር።

ቻሌንጀር ጥር 28 ቀን ጠዋት ተወነጨፈች። የአየሩ ሙቀት 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። ከ73 ሴኮንድ በኋላ ተበታተነች፣ የተሳፈሩት ሰባት ሰዎችም ሞቱ። ውሳኔው የተዛባበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የጊዜ ግፊት ነበር፣ የኃላፊዎች ጫናም ነበር። ዜሮዎቹ ተጨምረው አንድ ወረቀት ላይ ተሥለው ቢሆን ግን የመሐንዲሶቹ ስጋት በዓይን የሚታይ ይሆን ነበር። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የምጠይቀው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ከሥዕሉ የቀረ ማን ነው? የታመመ ብቻ ተቆጥሮ ጤነኛው ተትቶ እንደሆነ፣ የከበረ ነጋዴ ብቻ ተጠይቆ የከሰረው ተረስቶ እንደሆነ፣ ፈተና ያለፈ ብቻ ተመዝግቦ የወደቀው ተዘልሎ እንደሆነ፣ የምናየው ደመና ሙሉ አይደለም።

አሁን አድራጊና ተደራጊ ወደሚለው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 ፍራንዝ ሜሰርሊ የተባለ ሐኪም አንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ የ23 አገሮችን የቸኮሌት ፍጆታና ከሕዝባቸው ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ያገኙትን የኖቤል ሽልማት በነጥብ ሥሎ አወጣ። ተዛምዶው 0.791 ነበር፤ ስዊዘርላንድ በሁለቱም ከላይ ተቀምጣለች። ነጥቦቹ ትክክል ናቸው። ቸኮሌት ሰውን ለኖቤል ያበቃል ማለት ግን አይቻልም። የበለጸገ አገር ሕዝቡ ቸኮሌት ለመግዛት ገንዘብ አለው፣ ቤተ ሙከራና ዩኒቨርሲቲ ለማቋቋምም ገንዘብ አለው። ሀብት በሥዕሉ ላይ ሳይታይ ሁለቱንም ከጀርባ እየገፋ ነው። እንዲህ ያለውን ከጀርባ የቆመ ሦስተኛ ነገር መፈለግ ተዛምዶ የሚያነብ ሰው የዘወትር ሥራ ነው።

«ተዛምዶ መንስኤን አያረጋግጥም» የሚለው አባባል ግን አላግባብ መሸሸጊያም ሆኗል። ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1950 ከእንግሊዝ ሆስፒታሎች ባሳተሙት ጥናት የሳንባ ካንሰር ከያዛቸው 649 ወንዶች መካከል ሲጋራ የማያጨሱት ሁለት ብቻ ነበሩ። የዘመኑ ታላቅ የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ግን ግኝቱን ተቃወመ። ለማጨስም ለካንሰርም የሚያጋልጥ የተወለደ ጠባይ ከጀርባ ሊኖር ይችላል አለ። ጥያቄው ራሱ ተገቢ ነበር፣ ልክ ከቸኮሌቱ ጀርባ ሀብትን እንደፈለግነው። ልዩነቱ ከመጀመሪያው ጥናት በኋላ በተሠራው ሥራ ላይ ነው። ዶልና ሂል የእንግሊዝ ሐኪሞችን ከ1951 ጀምሮ ለዓመታት ተከታተሉ። አብዝቶ ያጨሰ አብዝቶ ይታመም ነበር፤ ያቆመ ሰው አደጋው ይቀንስለት ነበር። የፊሸር የተወለደ ጠባይ ሰው ማጨስ ሲያቆም አብሮ አይቆምም። ስለዚህ ማብራሪያው አልያዘም። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ባለሥልጣን ሲጋራ ለሳንባ ካንሰር መንስኤ ነው ብሎ በይፋ ሪፖርት ያወጣው በ1964 ነው። በመካከል ባለፉት 14 ዓመታት ያጨሱትን ሳስብ ተዛምዶን በግድየለሽነት መጣል በግድየለሽነት ከማመን የማያንስ ጥፋት እንደሆነ ይሰማኛል።

ወደ ሀገራችን ከፍታዎች ስንመለስ ይህ ሁሉ በአንድ ጉዳይ ላይ ተሰብስቦ ይገኛል፦ ወባ። ወባ የቆላ በሽታ መሆኑን ገበሬው ከሐኪሙ በፊት ያውቃል። ሰው ደጋ ላይ የሰፈረው፣ ለሥራ ቆላ ወርዶ ማታ ወደ ደጋው የሚመለሰው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የቦታዎችን ከፍታና የወባ ታማሚዎችን ቁጥር በነጥብ ብንሥል እንደ ሙቀቱ ሁሉ ቁልቁል የሚወርድ ደመና እናያለን፤ ወደ 2,000 ሜትር ስንጠጋ ነጥቦቹ ከዜሮው አጠገብ ይተኛሉ።

ከፍታ ራሱ ግን ትንኝን አይገድልም። በመካከል ያለው ሦስተኛው ነገር የመጀመሪያው ሥዕላችን ነው፦ ሙቀት። በጣም አደገኛው የወባ ተውሳክ ፋልሲፓረም ትንኟ ሰውነት ውስጥ ሊያድግ የሚችለው በቂ ሙቀት ሲኖር ነው። አየሩ ከ18 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ እጅግ ይዘገያል፣ ወደ 16 ሲጠጋም ትንኟ በሽታውን ለማስተላለፍ ዕድሜዋ አይበቃም። ሰንሰለቱ ከከፍታ ወደ ሙቀት፣ ከሙቀት ወደ ተውሳክ፣ ከተውሳክ ወደ ታማሚ ይሄዳል። ይህን ያወቀ ሰው «ከ2,000 ሜትር በላይ ወባ የለም» የሚለው ደንብ በተራራው ላይ የተቀረጸ ሕግ እንዳልሆነ ይገባዋል። ደንቡ በሙቀቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሙቀቱ ከተነሳ መስመሩም ይነሳል።

እ.ኤ.አ. በ1958 ተነስቷል። ያን ዓመት በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ፣ ያልተለመደ ሙቀትና ዝናብ ተከትሎ የወባ ወረርሽኝ ገባ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። በሽታውን ከልጅነቱ ያልለመደ ሕዝብ ስለነበር እልቂቱ ከባድ ሆነ። በነጥቦቹ ሥዕል ላይ ያ ዓመት ከደመናው ርቆ የቆመ ነው። የተሳሳተ መዝገብ ነው ብሎ ለመሰረዝ የሚቸኩል ሰው ይኖር ይሆናል፣ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚናገረው ያ ነጥብ ነው።

ከዚያ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ተመራማሪዎች በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ደጋማ ስፍራዎች የተመዘገቡ የወባ ታማሚዎችን ከየዓመቱ ሙቀት ጋር አነጻጽረው ሳይንስ መጽሔት ላይ አሳተሙ። የጠየቁት ስንት ሰው ታመመ የሚለውን ብቻ አልነበረም። ታማሚዎቹ በየትኛው ከፍታ ላይ ይኖራሉ የሚለውንም ጠየቁ። ለእያንዳንዱ ዓመት የታማሚዎቹን መካከለኛ ከፍታ አውጥተው ከሙቀቱ ጋር አስተያዩት። ቀዝቀዝ ባሉት ዓመታት ነጥቡ ወደ ቆላው ይወርዳል። ሞቅ ባሉት ዓመታት ደግሞ ሽቅብ ወደ ደጋው፣ ወባን ወደማያውቁት መንደሮች ይወጣል።